ወታደርና ጋዜጠኛ

ወታደር ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ጋዜጠኛ ደግሞ ወሬ ፈላጊ። አንዱ የሚደብቀውን ሌላው ይፈልገዋልና ሁለቱ በአንድ ሜዳ ሲገናኙ መጋጨታቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ጦርነት የሚካሄደው በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ልጆች ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ «ልጄ ምን ሆነ? ገንዘቤስ ምን ሠራ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት መኰንን ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ተብሎ ራሱን የቻለ የጦር ሠራዊት ሙያ ሆኗል። ሙያው ምን ያህል ዋጋ ተከፍሎበት እንደ ተገኘ ለማየት የአሜሪካንን ጦር ታሪክ ምሳሌ እናደርጋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ በሳይጎን ከተማ በየቀኑ ወደ ማታ ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጥ ነበር። የተገደለው ጠላት፥ የተጣለው ቦምብ ሁሉ በቍጥር ይነገራል። ጋዜጠኞቹ ግን ጦር ሜዳ ድረስ ሄደው በዐይናቸው ያዩት ከሚነገራቸው ቍጥር ጋር አልገጥም ስላላቸው፥ መግለጫውን «የ11 ሰዓት ቧልት» ብለው ሰየሙት።

ኖቬምበር 21 ቀን 1967 አዛዡ ጄኔራል ዊሊያም ዌስትሞርላንድ ዋሽንግተን ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፥ የጦርነቱ ፍጻሜ መታየት መጀመሩን ገለጡ። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ፥ በቬትናሞች የአዲስ ዓመት በዓል የሰሜኑ ወገን ከ100 በሚበልጡ ከተሞች ላይ አደጋ ጣለ፤ የአሜሪካን ኤምባሲ ግቢ እንኳ ተደፈረ። በወታደር ሚዛን ቢመዘን አጥቂዎቹ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ «ሊያልቅ ነው» የተባለው ሕዝብ ይህን ካየ በኋላ፥ እውነት ቢነገረውም ለማመን ተቸገረ።

ብዙ መኰንኖች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የተጣመመ ነበር። «ያሸነፈን ጋዜጠኛ ነው» አሉ። የሠራዊቱ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ዊሊያም ሃመንድ ግን ነገሩን መርምረው፥ የሕዝቡን ልብ ያራቀው የጋዜጣ ወሬ ሳይሆን የሟቹ ብዛት መሆኑን ጽፈዋል።

የተጣመመው ትምህርት ፍሬውን ያፈራው ኦክቶበር 25 ቀን 1983 ነው። የአሜሪካን ጦር ግሬናዳ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ሲያርፍ አንድም ጋዜጠኛ አብሮት እንዲሄድ አልተፈቀደም። ጥቂቶቹ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በዚያው ውጊያ አውሮፕላን በስሕተት አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ደብድቦ በሽተኞች ሞተው ነበር፤ ዓለም ይህን የሰማው ግን ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በመንግሥት ሥራ ግን ዝምታም ይነቅዛል። በጊዜው ቢነገር አሳዛኝ ስሕተት ይባል የነበረው ነገር፥ ሲዘገይ የተደበቀ በደል መሰለ።

ጩኸቱ ስለ በረታ ሳይጎን ላይ የጦሩን የማስታወቂያ ሥራ ይመሩ የነበሩት ጄኔራል ዊናንት ሳይድል የሚመሩት ኮሚቴ ተቋቁሞ፥ በ1984 ሐሳቡን አቀረበ። ዋናው ምክር አጭር ነው፤ ለሕዝብ የሚሰጠው መግለጫ ከጦሩ ዕቅድ ጋር አብሮ ይታቀድ፤ ሁሉም ጋዜጠኛ መሄድ ባይችል ጥቂቶች ተመርጠው ሄደው ያዩትን ለሌሎቹ ያካፍሉ። ምክር በጽሑፍ መቀመጡ ብቻ ግን አይበቃም። በዲሴምበር 1989 ፓናማ ላይ የተመረጡት ጋዜጠኞች የደረሱት ውጊያው ከተጀመረ ከሰዓታት በኋላ ነበር። በ2003 በኢራቅ ጦርነት ከ500 የሚበልጡ ጋዜጠኞች ከክፍለ ጦሮቹ ጋር አብረው ዘመቱ። ከወታደሩ ጋር መክረማቸው መልካም ሆኖ ሳለ፥ ጕድለትም ነበረው፤ በታንክ መስኮት የሚያይ ሰው ከመስኮቱ ውጭ ያለውን የመንደሩን ሰው ሐዘን አያይም።

እንግዲህ ምሥጢር የሚባል ነገር አይኑር ማለታችን ነውን? አይደለም። በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጉስ ግሪንን ለማጥቃት ሲቃረቡ፥ ወሬው አስቀድሞ በቢቢሲ ራዲዮ ተነገረ። ወሬው የወጣው ከጦሩ ጋር ከነበሩት ጋዜጠኞች ሳይሆን ከለንደን ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ምሥጢርን መጠበቅ የሚጀምረው ከባለ ሥልጣኑ ከራሱ አንደበት ነው።

ይህ ትምህርት ለወታደር ብቻ አይደለም። ዛሬ ተማሪ የሆነ ወይም በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የጋዜጠኛ ጥያቄ ይገጥመዋል። ያን ጊዜ ሦስት የተከበሩ መልሶች አሉት፤ የሚያውቀውን ፈጥኖ መናገር፥ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት፥ የማይነገረውን ደግሞ ምክንያቱን ገልጦ «ይህን መናገር አልችልም» ማለት። አራተኛው መልስ ሐሰት ነው። እርሱ ለአንድ ቀን ያሳርፋል፤ በማግሥቱ ግን የመሥሪያ ቤቱን እውነት ሁሉ ይዞት ይሄዳል።