ዜማውን የሚሸከመው ግራ እጅ

ፒያኖ የሚጫወት ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው። ቀኙ ዜማውን ከያዘ፣ ለግራው የሚተርፈው ሥራ ብዙ ነው። የታችኛውን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን መያዝ አለበት። ዜማው የተደገፈበትን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን ማሰማት አለበት። ምቱን መጠበቅም የእሱ ፋንታ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ዜማውን እንዳይሸፍን ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። በአንድ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ይህን ሥራ ሦስትና አራት ሰው ይከፋፈለዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎች ለዚህ ችግር የተጠቀሙበት መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር፤ ከቅለቱ የተነሳ ብዙ አድማጭ መኖሩን እንኳ ልብ አይለውም። ኮርዱን በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ዘርዝረው፣ ኖታዎቹን ተራ በተራ እያስከተሉ፣ ሳያቋርጡ መጫወት ነው።

ቤት ውስጥ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ካለ ነገሩን በአንድ ደቂቃ መሞከር ይቻላል። ዶ፣ ሚ እና ሶልን በግራ እጅ በአንድ ጊዜ ተጫኑ። ይህ የዶ ሜጀር ኮርድ ነው። ድምፁ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ከተመታ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ እንደገና እስኪመታ ድረስ ምንም አይንቀሳቀስም። አሁን እነዚያኑ ሦስት ኖታዎች በዚህ ቅደም ተከተል ተጫወቷቸው፦ ዶ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል፤ ዶ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል። መጀመሪያ ታችኛው፣ ከዚያ ላይኛው፣ ከዚያ የመሃሉ፣ እንደገና ላይኛው። ኮርዱ ያው ኮርድ ነው፤ አንድም ኖታ አልተጨመረም። ሙዚቃው ግን መራመድ ጀምሯል።

ጆሮ እነዚህን የተነጣጠሉ ኖታዎች አንድ አድርጎ መስማቱ የአሠራሩ ሁሉ መሠረት ነው። በደመራ ማታ ልጆች የተለኮሰ ችቦ በፍጥነት ሲያሽከረክሩ ዓይናችን የሚያየው የእሳት ቀለበት ነው፤ ችቦው በእያንዳንዷ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳለ ብናውቅም። ጆሮም ኖታዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉለት ያለፈውን ከሚመጣው ጋር አያይዞ ሙሉ ኮርድ ይሰማል።

ከላይ የሞከርነው ቅደም ተከተል በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አልበርቲ ቤዝ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዶሜኒኮ አልበርቲ ነው፤ በ1710 አካባቢ ቬኒስ ውስጥ ተወልዶ በ1746 ሮም ውስጥ በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልበርቲ ዘፋኝ ነበር፤ እየዘፈነ ራሱን በሃርፕሲኮርድ ያጅብ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም። የሚዘፍን ሰው ከአጃቢው የሚፈልገውን ያውቃል፦ ከሥር የማይቋረጥ፣ ግን ጉሮሮውን የማይሻማ ድምፅ። የሃርፕሲኮርድ ሶናታዎቹም የተሠሩት በዚሁ ስሜት ነው። ቀኝ እጅ ይዘፍናል፤ ግራ እጅ ኮርዱን እየዘረዘረ ይከተላል። ስምንቱ ሶናታዎች ለንደን ውስጥ የታተሙት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1748 ነው። ጁዜፔ ጆዚ የተባለ ሌላ ጣሊያናዊ ዘፋኝ እነዚህኑ ሥራዎች የራሱ አስመስሎ ያቀርብ እንደነበረ በታሪክ ተመዝግቧል። አልበርቲ አሠራሩን ከምንም ተነስቶ አልፈጠረውም፤ ኮርድን መዘርዘር ከእሱ በፊትም ነበር። እሱ ግን አዘውትሮ ስለተጠቀመበት ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

አሠራሩ ለምን በዚያ ዘመን ተስፋፋ የሚለው ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱ የመሣሪያው፣ ሌላው የሙዚቃው ጠባይ ነው።

ከመሣሪያው እንጀምር። ሃርፕሲኮርድ ክሩን የሚነካው በመዶሻ ሳይሆን እንደ ላባ አጥንት ባለ ቀጭን መንቆሪያ ነው። ቁልፉን በኃይልም ሆነ በቀስታ ቢጫኑት፣ የድምፁ መጠን እምብዛም አይለወጥም፤ ድምፁም ቶሎ ይጠፋል። በ1700 አካባቢ ፍሎረንስ ውስጥ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የሠራው ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ስለሚመታ ድምፁን ማጉላትና ማሳነስ ተቻለ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎችም ግን ከዛሬው ጋር ሲነጻጸሩ ድምፃቸው ቀጭንና ቶሎ የሚሳሳ ነበር። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ አንድ ኮርድ ተመትቶ ቢተው ከዜማው ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ኮርዱ ሲዘረዘር ግን በየቅጽበቱ አዲስ ኖታ ስለሚመታ ድምፁ ይታደሳል፤ ሙላቱ ሳይጎድል ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት የኮርዶች የመቀያየር ፍጥነት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ትውልድ ሙዚቃ ቤዙ ራሱን ችሎ ይራመድ ነበር፤ ኮርዱም ብዙ ጊዜ በየምቱ ይለወጣል። ኮርድ በየምቱ የሚቀየር ከሆነ ለመዘርዘር ጊዜ የለም። ከ1730ዎቹ ወዲህ የመጡት ጣሊያናውያንና ተከታዮቻቸው ግን ዜማውን ወደ ፊት አወጡት፤ ኮርዱን ደግሞ ግማሽ ባር፣ አንዳንዴም ሙሉ ባር ድረስ ያቆዩት ጀመር (ባር ማለት በኖታ ወረቀት ላይ በቁም መስመር የሚለየው የምት ክፍል ነው)። ኮርዱ ሲቆይ ግራ እጅ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። መዘርዘሩ ያንን ክፍት ቦታ ሞላው። ከቀደመው ትውልድ የሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ባህም ቢሆን ኮርድ መዘርዘርን ያውቅበታል፤ በ1722 ያጠናቀቀው የ«ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር» የመጀመሪያ ፕሬሉድ ከሞላ ጎደል ሙሉው የተዘረዘረ ኮርድ ነው። እዚያ ግን ዝርዝሩ ራሱ ሙዚቃው ነው እንጂ የሌላ ዜማ አጃቢ አይደለም።

አሁን አንድ ሥራ ቀረብ ብለን እንይ። ሞዛርት በሰኔ 26 ቀን 1788 ቪየና ውስጥ በሥራዎቹ መዝገብ ላይ አንዲት አጭር የፒያኖ ሶናታ ለጀማሪዎች ብሎ አሰፈረ። በሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥሯ 545 ነው። በዚያው ቀን 39ኛውን ሲምፎኒውንም መዝግቧል፤ ለጀማሪ የተጻፈችው ሶናታ የመጣችው ከታላላቅ ሥራዎቹ መሃል ነው ማለት ነው። በሕይወት እያለ አልታተመችም፤ የወጣችው በ1805 ነው። ዛሬ ፒያኖ የሚማር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያገኛታል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ግራ እጅ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ባር ዶ-ሶል-ሚ-ሶል ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሁለተኛው ሬ-ሶል-ፋ-ሶል፣ ቀጥሎ ዶ-ሶል-ሚ-ሶል። በሦስተኛው ዶ-ላ-ፋ-ላ፣ ከዚያ እንደገና ዶ-ሶል-ሚ-ሶል። በአራተኛው ሲ-ሶል-ሬ-ሶል፣ መጨረሻም ዶ-ሶል-ሚ-ሶል።

ሲነበብ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ድምፆቹን ግን ለያይታችሁ ተከተሏቸው። የታችኛዎቹን ብቻ ብንወስድ ዶ፣ ዶ፣ ሬ፣ ዶ፣ ዶ፣ ዶ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናሉ። ቤዙ ከቤቱ ከዶ ተነስቶ አንዴ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ አንዴ አንድ ደረጃ ወደ ታች ብሎ ይመለሳል። የመሃሉ ድምፅ ሚ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ሚ ይላል። ላይኛው ደግሞ ከሶል አይነቃነቅም፤ አንዴ ብቻ ላን ነክቶ ይመለሳል። አንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ እየተጫወተ፣ ሦስት ዘፋኞችን ያዘፍናል፤ ሦስቱም ከአንድ ደረጃ በላይ አይዘሉም። የሙዚቃው እርጋታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀኝ እጅ በዚያው ጊዜ ዶ፣ ሚ፣ ሶል እያለ በሰፊው ይወጣል፤ ሊዘል የሚችለው ከሥሩ ያለው መሬት ስለማይናወጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቤዝ እንለዋለን እንጂ ይህ ግራ እጅ ታች አልወረደም። የሚጀምረው ከመሃለኛው ዶ፣ ከፒያኖው መካከል ነው። ሞዛርት ሁለቱን እጆች አቀራርቦ፣ ሁሉን ነገር ቀላልና ብሩህ በሆነው ክልል ውስጥ አኑሮታል። በአምስተኛው ባር ቀኝ እጅ በፈጣን ስኬል መሮጥ ሲጀምር ደግሞ ግራ እጅ መዘርዘሩን ያቆማል። ሁለቱ እኩል እንዲሯሯጡ አልፈቀደም፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ቦታ ይለቅለታል። የሁለተኛው ክፍል ግራ እጅ ግን ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል ኮርድ እየዘረዘረ ይሄዳል፤ በዝግታ፣ ረዥሙን ዜማ ተሸክሞ።

በዘመኑ ከነበሩት ብዙ የሙዚቃ ደራሲዎች ሞዛርትን የሚለየው ይህ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ። አልበርቲ ቤዝ በስንፍና ለመጻፍ የሚመች አሠራር ነው፤ ኮርዱን አውቀው ዝርዝሩን እየደጋገሙ ገጽ መሙላት ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ዛሬ ያሉ ኪቦርዶች አንድ ቁልፍ ሲነካላቸው ይህንኑ በራሳቸው ይጫወታሉ። የአሠራሩ ዋጋ ያለው በድግግሞሹ ውስጥ በሚለወጡት በእነዚያ ጥቂት ኖታዎች ነው።

ለሚጫወተው ሰው ችግሩ የት እንዳለ ማንኛውም የፒያኖ መምህር ያውቀዋል። ዶ-ሶል-ሚ-ሶል ሲባል ትንሿ ጣት ዶን፣ አውራ ጣት ሶልን፣ የመሃል ወይም የጠቋሚ ጣት ሚን ይይዛሉ። አውራ ጣት ከአምስቱ ጠንካራውና ከባዱ ነው፤ እዚህ ደግሞ ከአራቱ ኖታዎች ሁለቱ የእሱ ናቸው፤ ሁለቱም የሚውሉት ደካማ ምት ላይ ነው። ካልተጠበቀ ሶሏ ብቻዋን ጎልታ ዜማውን ትረብሻለች። መሰማት ያለበት ቤዝ ደግሞ በደካማዋ ትንሿ ጣት እጅ ነው። መፍትሔው ጣቶችን ማስጨነቅ አይደለም። ክንዱ ቁልፍ በር ላይ እንደሚያዞር ሰው በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይዙር፣ አውራ ጣት ከቁልፉ ሳይርቅ ይቆይ፣ ክብደቱ ወደ ትንሿ ጣት ያዘንብል። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮርዶቹን ሳይዘረዝሩ፣ እንዳለ እየመቱ መለማመድ ይጠቅማል፤ እጅ የሚቀጥለውን ኮርድ ቅርጽ አስቀድሞ ይማራል፤ ጆሮም ሦስቱን ድምፆች አብረው ሲሄዱ ይሰማል።

ምቱን መጠበቅም ሌላው የግራ እጅ ኃላፊነት ነው። ሞዛርት በጥቅምት 1777 ከአውግስቡርግ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ በዝግተኛ ክፍል ውስጥ ቀኝ እጁ ነፃ ሆኖ ሲዘገይ ግራ እጁ ምቱን እንደማይለቅ፣ ሰዎችም ይህ እንዴት እንደሚቻል ሊገባቸው እንዳልቻለ ነግሮታል። ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሾፓንም ለተማሪዎቹ ተመሳሳይ ነገር ያስተምር እንደነበር ተማሪዎቹ ጽፈዋል፤ ግራ እጅ የኦርኬስትራው መሪ ነው የሚል ትምህርት ነበር።

በሾፓን ጊዜ ግን ዝርዝሩ መልኩን ቀይሯል። ፒያኖው ገዝፏል፤ ክሮቹ ወፍረዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፔዳሉ መጣ። ፔዳሉ ሲረገጥ ጣት ከቁልፉ ላይ ቢነሳም ድምፁ አይቆምም። ስለዚህ ግራ እጅ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ መታጠሩ ቀረ፤ ታች ያለውን ቤዝ ነክቶ፣ ድምፁን ለፔዳሉ አደራ ሰጥቶ፣ ወደ ላይ መውጣት ቻለ። አየርላንዳዊው ጆን ፊልድ በ1812 ሩሲያ ውስጥ ማሳተም በጀመራቸው ኖክተርኖች ይህንን መንገድ ከፈተ፤ ሾፓን አሰፋው። በ1836 የታተመው የሾፓን የሬ ፍላት ሜጀር ኖክተርን፣ ኦፐስ 27 ቁጥር 2፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ በሰፊው በተዘረዘረ ኮርድ ላይ የተንሳፈፈ ዜማ ነው። ቤትሆቨን ደግሞ በመካከሉ ሌላ ነገር ሞክሮ ነበር፤ በ1801 በጻፈው «የጨረቃ ብርሃን» በሚባለው ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ዝርዝሩን በሦስት በሦስት ኖታ ከፋፍሎ ለቀኝ እጅ ሰጠው፤ ግራ እጅ ከሥር ረዥም ቤዝ ይይዛል፤ ዜማው የሚገባው ዘግይቶ ነው። አድማጩን መጀመሪያ የሚይዘው አጃቢው ነው።

ዘመናዊ ፒያኖ ለሞዛርት ግራ እጅ ትንሽ ይከብዳል። በእሱ ጊዜ የነበረው የቪየና ፒያኖ መዶሻው ትንሽና በቆዳ የተሸፈነ፣ ቁልፎቹም አምስት ኦክታቭ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዷ ኖታ ተለይታ ትሰማለች። የዛሬው 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ ላይ ያው ጽሑፍ በእኩል ኃይል ቢመታ ይደፈርሳል። ስለዚህ የተሻለው አጨዋወት ግራውን ከሚያስፈልገው በላይ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ፔዳሉንም መቆጠብ ነው።

545ኛዋን ሶናታ በስልካችሁ ላይ ፈልጉና የመጀመሪያውን ክፍል ሁለት ጊዜ ስሙት፤ አንዴ እንደ ልማዳችሁ ከዜማው ጋር፣ ሁለተኛ ዜማውን ትታችሁ ግራ እጁን ብቻ እየተከተላችሁ። ልጃችሁ ፒያኖ የሚማር ከሆነም ግራ እጁን ለብቻው እንዲጫወትላችሁ ጠይቁት፤ መምህሩም ይደሰታል።