አየር መኪናን ከአስፋልት ሲያጣብቅ

ኦዲ ቲቲ የተባለችው ትንሽ ስፖርት መኪና በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ስትወጣ ቁመናዋ ብዙዎችን ማረከ። ጣሪያዋ አንድም ስብራት ሳይታይበት ቁልቁል ይወርድና ጭራዋ ላይ ክብ ሆኖ ያልቃል። ጉድለቷ የታየው በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ነው። በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዱ መስመር ሲቀይሩ ወይም መሪ በድንገት ሲያዞሩ የኋላው ጎማ መንገድ አልይዝ ያላቸው አሽከርካሪዎች ተበራከቱ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ ጠራ። ከተደረጉት ማስተካከያዎች አንዱ የኋላ ኮፈኑ ላይ የተገጠመ ትንሽ ስፖይለር ነበር።

አየር ጎባጣውን ጣሪያ ሲሻገር ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ከስር ያለው ግፊት ከላዩ ሲበልጥ መኪናዋ ሽቅብ ትሳባለች፤ ጎማዎቿም አስፋልቱን በቀለለ እግር ይረግጣሉ። ስፖይለር ይህን የአየር ጉዞ ያደናቅፋል፤ ከፊቱ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል ሽቅብ የሚስበው ኃይል ይደክማል። ፖርሸ በ1972 ለ911 ካሬራ አርኤስ የገጠመላት፣ «የዳክዬ ጭራ» የተባለው ቅርጽ የኋላዋን መነሳት ቀንሶ ከፍተኛ ፍጥነቷን እንኳ በጥቂቱ ጨመረላት። ክንፍ ደግሞ ከዚህ ያልፋል፤ የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ እንደ መግጠም ነውና በራሱ መኪናዋን ወደ ታች ይጫናል።

የክንፉ ሐሳብ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ሚካኤል ማይ በ1956 በፖርሸ 550 ላይ ክንፍ ገጥሞ ወደ ጀርመኑ የኑርበርግሪንግ የውድድር ሜዳ ቢመጣ አዘጋጆቹ ከለከሉት። አሜሪካዊው ጂም ሆል ግን ከአሥር ዓመት በኋላ በቻፓራል 2ኢ የውድድር መኪናው ላይ ረጅም ክንፍ አቆመ፤ ጫናው በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ እንዲወርድም አደረገ። ፎርሙላ ዋን ተከተለው፤ ዋጋውንም ከፈለ። በ1969 በባርሴሎናው ሞንጁይክ አሽከርካሪዎቹ ግሬም ሂልና ዮኸን ሪንት የያዟቸው የሎተስ ቡድን መኪኖች ክንፋቸው ተሰብሮ ሁለቱም አደጋ ደረሰባቸው። በቀጣዩ የሞናኮ ውድድር ረጃጅሞቹ ክንፎች ታገዱ።

ትልቁ ሀብት ግን ዓይን በማያየው ቦታ፣ በመኪናው ወለል ስር ነበር። ሎተስ በ1977 ባወጣው «78» በተባለው መኪና የጎንና ጎኑን ሳጥኖች ከስራቸው እንደ ተገለበጠ ክንፍ ቀረጻቸው፤ አየር ከውጭ እንዳይገባም ጠርዛቸውን እስከ መሬት በሚደርስ መጋረጃ ዘጋው። በወለሉና በአስፋልቱ መካከል የሚሮጠው አየር መኪናውን ወደ መሬት መጠጠው፤ ማሪዮ አንድሬቲም በ1978 በተከታዩ ሎተስ 79 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ክንፍ ብዙ የአየር ተቃውሞ ያስከፍላል፤ ወለል ተመሳሳዩን ጫና በአነስተኛ ተቃውሞ ይሰጣል። አደጋውም አብሮ ይመጣል፦ መጋረጃው ተሰንቅሮ ከፍ ቢል ጫናው በቅጽበት ይጠፋል። በ1983 ጠፍጣፋ ወለል ግዴታ ሆነ። ቅርጹ በ2022 ሲመለስ መኪኖቹ በቀጥታ መንገድ ላይ እየነጠሩ አሽከርካሪዎቹን አስቸገሩ።

በጋራዥ የሚገጠም ተጨማሪ አካል ሁሉ በዚህ ታሪክ ሊመዘን ይገባል። ከኋላ ጎማ ባሻገር የተተከለ ትልቅ ክንፍ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ እንደበዛበት ጋሪ፣ የፊቱን ያነሳል፤ ስለዚህ ከፊት ባምፐር ስር አየር የሚከፍል ጠፍጣፋ ከንፈር ያስፈልገዋል። የፊቱ መነሳት ምን እንደሚያደርስ በ1999 በፈረንሳዩ የ«ለ ማን» ውድድር ላይ ታይቷል፦ የመርሴዲስ ሲኤልአር መኪኖች አፍንጫቸው ቀና ሲል አየር ከስራቸው ገብቶ በሰማይ አንሳፈፋቸው።

ፍጥነትም ወሳኝ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። የ2022ቱ ፖርሸ 911 ጂቲ3 አርኤስ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ላይ 409 ኪሎ ግራም ጫና ያገኛል። ያው ቅርጽ በ50 ኪሎ ሜትር ላይ በስሌት ከ26 ኪሎ ግራም አያልፍም። የቦታ ከፍታም ይቀንሰዋል፦ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ አየሩ ስለሚሳሳ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ትልልቅ ክንፎቻቸውን ገጥመው እንኳ ጫናው ያንሳቸዋል። አዲስ አበባም በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ናት። በቀጭን የኮፈን ላሜራ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ክንፍ በከተማዋ ፍጥነት ከጌጥነት አያልፍም፤ በፈጣን መንገድ ላይ እውነተኛ ጫና ቢያገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚታጠፈው ላሜራው ነው። የዛሬ የውድድር መኪና ክንፍ ጫናውን የሚያሳርፈው በሻንሲው ላይ ነው።