የቤት እንስሳን ወደ ውጭ አገር መውሰድ

የቤት እንስሳን ወደ ውጭ አገር መውሰድ ማለት ውሻን፣ ድመትን ወይም ሌላ በቤት የሚኖር እንስሳን ከባለቤቱ ጋር ወደ ሌላ አገር ለማዛወር የሚደረግ የጤና፣ የሰነድና የጉዞ ዝግጅት ነው። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ውሻ ዝግጅቱ እንደ መድረሻው አገር ከሁለት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እንደ መቱና ጎሬ ካሉ የኢሉባቦር ከተሞች ለሚነሣ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ምልልስ ይጨመርበታል።

## የእብድ ውሻ በሽታና የአገሮች ደንብ

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በከተማም በገጠርም ይገኛል። በመሆኑም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ኢትዮጵያን ከፍተኛ የውሻ እብደት ስጋት ካለባቸው አገሮች መድቧታል። የአውሮፓ ኅብረትም ቀለል ያለ ደንብ በሚሠራላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባትም።

ቫይረሱ ወደ አካል ከገባ በኋላ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ውሻ ጤነኛ መስሎ መታየቱ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ክትባቱ መሥራቱ በደም ምርመራ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ጊዜ ደግሞ እንስሳው ከክትባቱ በፊት ተይዞ ከነበረ በሽታው እንዲገለጥ ዕድል ይሰጣል።

## የዝግጅቱ ቅደም ተከተል

* ማይክሮችፕ፦ የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ በመርፌ ከቆዳ ሥር ትገባለች። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አይኤስኦ 11784 እና 11785 የተባሉትን ደረጃዎች የምታሟላና 15 አኃዝ ያላት ናት። ባትሪ የላትም፤ መንገድም አትጠቁምም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲቀርብላት ቁጥሯን ብቻ ትሰጣለች።
* ክትባት፦ እንስሳው ቢያንስ 12 ሳምንት ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል። ማይክሮችፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት። ክትባቱ ከቀደመ የተከተበው ያ እንስሳ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ ስለማይኖር እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል።
* የደም ምርመራ፦ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል። የደሙ ውሃ (ሴረም) ተለይቶ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ መድረሻው አገር ወደ ፈቀደው ቤተ ሙከራ ይላካል። በአሜሪካ የሚገኘው የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ከእነዚህ አንዱ ነው። የአንቲቦዲው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት።
* የጤና ምስክር ወረቀት፦ መውጫው ሲቃረብ ሐኪም እንስሳውን መርምሮ ቅጹን ይሞላል፤ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪምም ያጸድቀዋል። ለአውሮፓ ኅብረት ወረቀቱ ከተሰጠበት እስከ መግቢያው ድረስ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ነው።

## የመድረሻ አገሮች ልዩነት

የአውሮፓ ኅብረት፦ ለውሻም ለድመትም ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። እንግሊዝም ተመሳሳይ ደንብ አላት፤ ለውሻ ግን ከመግባቱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት እንዲሰጠው ትጠይቃለች።

አሜሪካ፦ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር እንዲሞላው ያዛል። ከኢትዮጵያ የሚመጣና በአሜሪካ ያልተከተበ ውሻ በሲዲሲ በተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ አስቀድሞ ቦታ ሊያዝለት፣ ማቆያው ባለበት አውሮፕላን ማረፊያም ሊገባ ይገባል። ደሙ ከተወሰደ ቢያንስ 28 ቀን ያለፈው ከሆነ በማቆያው ተመርምሮ ይለቀቃል። ተቀባይነት ያለው የደም ውጤት ከሌለው እዚያው 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ይቆያል። ለድመት የፌዴራሉ ደንብ የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም።

የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ውሻ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮችፕ ገብቶለት ቢከተብ፣ ደሙ ጥቅምት 1 ሊወሰድ ይችላል። ወደ አሜሪካ ከጥቅምት 29 ጀምሮ፣ ወደ አውሮፓ ደግሞ ከጥር 3 ጀምሮ መግባት ይችላል።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ለሚሄዱ ይህ ስሌት ትልቅ ትርጉም አለው። የአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ቢበዛ ለስድስት ወር ነው፤ የጤና ምርመራው ጊዜ ካጠረም ያጥራል። ቪዛው እስኪመታ ጠብቆ የሚጀምር ቤተሰብ ጊዜው ሊያልቅበት ይችላል። ክትባትና ማይክሮችፕ ግን ቪዛ አይጠብቁም።

## ከመቱ አዲስ አበባ

መቱ የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በበደሌ አልፎ አንዱ በነቀምት፣ ሌላው በጅማ ይሄዳል። በአካባቢው ውሻ በአብዛኛው የቤት፣ የቡናና የበቆሎ ማሳ ጠባቂ ነው፤ የእንስሳት ክሊኒኮችም በዋናነት የሚያገለግሉት ከብትን ነው። በበደሌ ያለው የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራም የሚታወቀው እንደ ገንዲ ባሉ የከብት በሽታዎች ምርመራ ነው።

ስለዚህ ማይክሮችፕ ማስገባትና ወደ ውጭ የሚላክ ደም ማስወሰድ በአብዛኛው አዲስ አበባ መሄድን ይጠይቃል። ማይክሮችፑንና ክትባቱን በአንድ ጉዞ ማስፈጸም፣ ከ30 ቀን በኋላ ለደሙ መመለስ፣ ሦስተኛውን ጉዞ ከመውጫው ጋር ማገናኘት ምልልሱን ይቀንሳል። ክትባቱ እዚያው መቱ ከተሰጠ ማይክሮችፑ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የተቀመጠ መሆን ይኖርበታል። የክትባት ካርዱ የማይክሮችፑን ቁጥር፣ የክትባቱን ስምና ተከታታይ ቁጥር፣ ቀኑን፣ የሐኪሙን ፊርማና ማኅተም መያዝ አለበት።

## ሣጥንና በረራ

የማጓጓዣው ሣጥን እንስሳው ሳይጎብጥ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና የሚተኛበት፣ አየር የሚያስገባና የውሃ ዕቃ ያለው መሆን አለበት። ታስሮ ወይም ግቢ ውስጥ ተለቆ የኖረ ውሻ ሣጥን አያውቅም። ከጉዞው ሳምንታት በፊት ምግቡን ሣጥኑ ውስጥ እየሰጡ ማለማመድ ድንጋጤውን ይቀንሳል፤ የመቱ–አዲስ አበባ መንገድም ጥሩ መለማመጃ ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት አተነፋፈስንና የደም ግፊትን ሊያዛባ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪሞች ለበረራ አይመክሩትም። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ በሙቀትና በጭንቀት ጊዜ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

## የዱር እንስሳት

እንደ ያዩ ባሉ የኢሉባቦር ደኖች ጉሬዛና ሌሎች የጦጣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከልጅነቱ ሰው ያሳደገው ጦጣ ቢሆንም በሕግ የዱር እንስሳ ነው፤ በሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ፈቃድ ካልሆነ ከአገር አይወጣም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዝንጀሮና ጦጣ ለቤት እንስሳነት እንዳይገቡ ከልክላለች።

## እንስሳው የማይሄድ ከሆነ

ሰነዱ የጎደለው እንስሳ ሲደርስ በባለቤቱ ወጪ ሊመለስ ወይም ለብቻው ሊቆይ ይችላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሁለቱም ካልተቻለ የመጨረሻው አማራጭ ማስወገድ ነው። ጊዜ ለማይበቃው ቤተሰብ እንስሳውን አስከትቦ ከነካርዱ ለሚያውቀው ዘመድ ወይም ጎረቤት ማስረከብ የተሻለ ነው። መንገድ ላይ የሚቀር ውሻ ክትባቱን የሚያድስለት የለም፤ ለበሽታው ይጋለጣል፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ በሚወገዱበት ዘመቻም ሊሞት ይችላል። የተረከበው ሰው ክትባቱን በየጊዜው ካሳደሰ ግን ውሻው ከባለቤቱ ጋር ባይሄድም እሱም ሰፈሩም ይጠበቃሉ።