«ይቆዩ» ማለት የሚችል ሠራተኛ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሙያ ሥነ ምግባር ሥልጠና ሲያዘጋጁ ትኩረታቸው ሰዓት አክባሪነት፣ አለባበስና የደንበኛ አቀባበል ላይ ነው። እነዚህ የሚናቁ አይደሉም፤ ባለጉዳይ ሲያመላልስ የሚውል ሰው ባለሙያ ሊባል አይችልም። ዋናው መፈተኛ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ አለቃ ሲሳሳት ከሥሩ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ይህ ደግሞ ለግለሰቡ ድፍረት የሚተው ጉዳይ አይደለም። አሠራሩ ካልፈቀደለት ጎበዙም ዝም ይላል።

ለዚህ ከባድ ዋጋ የተከፈለበት ማስረጃ ያለው በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ነው። ማርች 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) በስፔኗ ተነሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤምና የፓን አሜሪካን ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬ.ኤል.ኤሙ ካፒቴን ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን፣ በድርጅቱ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። መጀመሪያ ለመነሣት ሲሞክር ረዳቱ ገና ፈቃድ እንዳላገኙ አስታወሰው፤ ካፒቴኑም ቆመ። ቀጥሎ ከመቆጣጠሪያ ማማው የመጣው መልእክት ከተነሡ በኋላ የሚከተሉትን መስመር የሚገልጽ እንጂ «ተነሡ» የሚል አልነበረም። ካፒቴኑ ግን መንደርደር ጀመረ፤ ረዳቱም ለሁለተኛ ጊዜ አላረመውም። የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አሳስቦት የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት ሲመልስ መሐንዲሱ ዝም አለ። ግጭቱ የደረሰው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው። ጭጋጉና የሬዲዮ ድምፅ መደራረቡም ድርሻ ነበራቸው፤ ሆኖም በዚያች ጠባብ ክፍል ትክክለኛው ጥርጣሬ በአንድ ሰው አፍ ወጥቶ ነበር። የጎደለው ያ ጥርጣሬ ካፒቴኑን የሚያስቆምበት ሥርዓት ነው።

በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ፖርትላንድ አጠገብ አንድ አውሮፕላን፣ ካፒቴኑ የማረፊያ እግሩን ችግር ሲያጣራ ነዳጅ አልቆበት ወድቆ 10 ሰዎች ሞቱ። በ1979 ናሳ በጠራው ዐውደ ጥናት ላይ መነጋገሪያ የሆነው ይኸው የቡድን አሠራር ጉድለት ነበር። ዛሬ አብራሪዎች የሚወስዱት «ክሩ ሪሶርስ ማኔጅመንት» ሥልጠና የመነጨው ከዚያ ነው። ሥልጠናው ረዳቱ እንዴት እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ካፒቴኑ እንዴት እንደሚያዳምጥም ያስተምራል።

ሐኪሞችም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽ መሠረት፣ ቢላ ከመነሣቱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና ድርሻቸውን ይናገራሉ። አንዴ ድምፅዋን ያሰማች ነርስ በኋላ «ዶክተር፣ ይቆዩ» ለማለት ይቀላታል። ቅጹ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ በ2009 ታትሟል። እርግጥ በ2014 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት ይህን የመሰለ ለውጥ አላገኘም፤ ቅጽ ምን ይፈይዳል የሚሉ ይህን ይጠቅሳሉ። እኔ ከዚያ የምረዳው ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና መነጋገር አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ የባህል ነው፤ እኛ ታላቅን አክባሪዎች ነን፣ አለቃን ማረም ብልግና ይሆንብናል ይባላል። ተነሪፍ ላይ ዝም ያሉት ግን ሆላንዳውያን ነበሩ። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሥልጠና ባላስፈለገ ነበር። «እርስዎ» እያሉ ማረምም ይቻላል፤ አክብሮቱ በአነጋገሩ፣ እርማቱ በይዘቱ ይቀመጣል።

በቢሮ ሥራማ ሰው አይሞትም የሚልም አይጠፋም። ሰብሳቢው የወደደውን ተጫራች ቀድሞ በተናገረበት የግዥ ኮሚቴ ውስጥ፣ ልምድ የሌላት አባል ስሌቱ እንደተሳሳተ እያየች ቃለ ጉባኤው ላይ ስትፈርም የሚባክነው ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው። እሷን ስለ ግልጽነት ማሠልጠን አይበቃም፤ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋን የሚሞላው ያው ሰብሳቢ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ የልዩነት ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ይስፈር፤ ኃላፊዎች ሲመዘኑም ከሥራቸው ያሉት ሰዎች ያነሡትን ስሕተት እንዴት እንደተቀበሉ ይጠየቁ።