ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ፍሬንዎን ይፈትሹ

ብስክሌት መንዳት ልብን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን ለመከላከልም ይረዳል። እንደ ኮልፌ ቀራኒዮ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ክፍለ ከተማ ግን ከመንዳት በፊት ማቆምን መቻል ይቀድማል።

በየሰፈሩ ፍሬኑ የተነቀለ ብስክሌት በጫማ ሶል እያቆሙ የሚወርዱ ልጆች ይታያሉ። ይህ አደገኛ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ የጫማ ሶል አይችለውም።

ለትራክ ውድድር የተሠራው «ፊክስድ ጊር» ብስክሌት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኋላ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ስለሚዞር እግርን ማሳረፍ አይቻልም። ፍጥነት የሚቀነሰው የፔዳሉን ዙር በእግር በመቋቋም ነው። በቁልቁለት ግን ፔዳሉ ከእግር አቅም በላይ ይፈጥናል፤ ጉልበትንም ያስጨንቃል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ከሌለው ቁልቁለት አይውረዱበት።

ከመነሣትዎ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ይጨምቁ፤ መጨበጫው መሪውን ከነካ ፍሬኑ ላልቷልና ያስጠግኑት። ከዚያም ፍሬኑን እንደያዙ ጠንካራ እግርዎ ያለበትን ፔዳል ከፍ አድርገው ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉት። ፊክስድ ጊር ከሆነ ይህን ለማድረግ የኋላ ጎማውን ከመሬት ማንሣት ይኖርብዎታል። የኋላዎን አይተው ይነሡ።

ሲወርዱ ገና ሳይፈጥኑ ሁለቱንም ፍሬኖች አብረው ቀስ በቀስ ይያዙ፤ ሰውነትዎንም ወደ ኋላ ያድርጉ። የፊቱን ብቻ በድንገት መያዝ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል። የኋላውን ብቻ አጥብቆ መያዝ ደግሞ ጎማውን ያንሸራትታል። በዝናብ ጊዜ ቀደም ብለው ይያዙ። ሄልሜት ማድረግንም አይርሱ።

ከወደቁ በኋላ የእጅ አንጓ ወይም ትከሻ ካበጠ አያሳሹት፤ መጀመሪያ ራጅ ይነሡ። ጭንቅላቱ ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚያደነዝዘው ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ ሰው «ይተኛና ይሻለዋል» ሊባል አይገባም። መሪው ሆዱን የወጋው ልጅም ከውጭ ቁስል ባይታይበት እንኳ፣ ሆዱን ካመመው የውስጥ መድማት ሊኖር ስለሚችል ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ይደውሉ።

ወላጆች፣ ለልጅዎ ብስክሌት ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን ይመልከቱ።