ተጨማሪ መረጃ፦ አይጥ የበረታበት ግዙፍ ወፍ

የትሪስታን አልባትሮስ ክንፎቹን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከጥቂት ጥንዶች በስተቀር ሁሉም ጎጆ የሚሠሩት በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በጎፍ ደሴት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመርከቦች የወረዱ አይጦች በደሴቲቱ ተባዙ፤ ከተለመደው የቤት አይጥ ገዝፈውም ጫጩቶችን በሕይወት እያሉ መብላት ጀመሩ። ጫጩቱ ከአይጧ በመቶዎች እጥፍ ቢከብድም ራሱን አይከላከልም፤ ዘሩ በየብስ ላይ እንዲህ ያለ ጠላት ገጥሞት አያውቅም። ይበልጥ የሚያሳስበው ጉዳቱ ቶሎ አለመካካሱ ነው፤ ጫጩት ያሳደጉ ጥንዶች ቀጣዩን እንቁላል የሚያገኙት ከ2 ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሄሊኮፕተር መርዝ ተበትኖ አይጦቹን ለማጥፋት ተሞክሮ ነበር። ጥቂቶች ግን ተረፉ፤ እንደገናም ተባዙ።