ዶሮ በፍሬ ቢሸጥስ? የጃፓን ሠራተኛ እራትና የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ረጅምና ጠባብ ምድጃ፣ የቀላ ፍም፣ በላዩ የተደረደሩ የቀርከሃ ስንጥሮች፣ በእያንዳንዱ ስንጥር ላይ አራት አምስት ቁራጭ የዶሮ ሥጋ። ጠባሹ በአንድ እጁ ያገላብጣል፣ በሌላው ያራግባል። ስሙ ያኪቶሪ ነው። "ያኪ" የተጠበሰ፣ "ቶሪ" ደግሞ ወፍ ወይም ዶሮ ማለት ነው።

እኔ መቐለ ውስጥ ያኪቶሪ ቤት አላየሁም። ከጃፓን የመጣ ነገር ተብሎ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ብትጠይቁ ቀድሞ የሚጠራላችሁ ካይዘን ነው። ግን ይሄ ምግብ ቪዲዮ ላይ ሲታይ የቅንጡ ሰው እራት ቢመስልም፣ አመጣጡ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሠራተኛ፣ ከሰልና የተራረፈ ሥጋ ነው። ስለዚህ ከፓርኩ በር ከሺፍት ለምትወጣ ልጅ ከማንም በላይ እሷን የሚመለከት ታሪክ አለው።

መጀመሪያ ታሪኩ። ጃፓን ውስጥ ሥጋ ለረጅም ዘመን እንደ ልብ የሚበላ ነገር አልነበረም። በፈረንጆቹ 675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዘዘ። (ጾም ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ብዙ አይገርመንም።) ሥጋ መብላት እንደ ነውር መታየቱ እየቀረ የመጣው በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ራሱ ሥጋ መብላቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ዶሮ ውድ ነበር። የመንገድ ዳር ሻጮች ስንጥር ላይ የሚሰኩት ከትልልቅ ምግብ ቤቶች የተረፈውን ቁርጥራጭና የሆድ ዕቃ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1945 ቶኪዮ በቦምብ ተደብድባ፣ ምግብ በራሽን ሆኖ፣ ሰው የሚበላው ሲያጣ በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ጥቁር ገበያ ተተከለ። ሺንጁኩ ጣቢያ አጠገብ የነበሩት ነጋዴዎች ቁጥጥር ያልነበረበትን የከብትና የአሳማ ሆድ ዕቃ እየቆራረጡ ከሰል ላይ ይጠብሱ ጀመር። ያ ቦታ ዛሬም አለ፣ "ኦሞይዴ ዮኮቾ" ይባላል፣ የትዝታ መተላለፊያ እንደማለት ነው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙ ጠባብ ቤቶች ተደርድረው፣ ጭሱ እስከ መንገዱ ይወጣል። ዶሮ በርካሽ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1960ዎቹ ቶሎ የሚያድግ የሥጋ ዶሮ እርባታ ሲስፋፋ። ያኪቶሪ የተራው ሠራተኛ የዘወትር ምግብ የሆነው ያኔ ነው።

የኔ ተወዳጅ ግን የሙሮራን ታሪክ ነው። ሙሮራን በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ደሴት ላይ ያለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። እዚያ "ያኪቶሪ" ብላችሁ ስታዙ የሚመጣላችሁ ዶሮ አይደለም፣ አሳማ ነው፣ ከሽንኩርት ጋር ተሰክቶ፣ ሰናፍጭ ተደርጎበት። ለምን? እንደሚነገረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ለወታደር ጫማ ቆዳ ስለተፈለገ አሳማ ማርባት ተበረታታ። ቆዳው ለጫማ ሄደ፣ ሥጋውና ሆድ ዕቃው ከተማው ውስጥ ቀረ። የብረት ሠራተኞቹ ከእቶን ሲወጡ የሚበሉት ርካሽ ነገር እሱ ሆነ። ስሙን እንኳን ሳይቀይሩ "ዶሮ" እያሉ አሳማ ይበላሉ። ከተማዋ ዛሬ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በቻይና ኩባንያ ተገንብቶ፣ ሐምሌ 2009 በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ። ሐሳቡ አልባሳት ሰፍቶ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፣ ሥራው ቆመ። ታኅሣሥ 2014 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፣ ማለትም ልብሶቻችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገቡበት ዕድል ተዘጋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው።

እዚህ ጋ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ የአልባሳት ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው፣ በዓለም ዝቅተኛው ነው አለ። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ ለግሉ ዘርፍ አልተቀመጠም ነበር።

በተቃራኒው ቶሪኪዞኩ የሚባል የጃፓን ያኪቶሪ ሰንሰለት አለ። በ1985 ኦሳካ አካባቢ የተጀመረ ነው፣ የሚታወቀውም ሁሉንም ነገር በአንድ ዋጋ በመሸጥ ነው። ለ28 ዓመታት አንድ ሳህን በ280 የን ሲሸጥ ቆይቶ በ2017 ወደ 298 ከፍ አደረገ። 18 የን ብቻ! ደንበኛው ግን አኮረፈ፣ ኩባንያውም ተቸገረ። በዚያው ዓመት የጃፓን አማካይ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 848 የን ነበር። አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሁለት ሳህን ያኪቶሪ ገዝቶ መልስ ይተርፈዋል ማለት ነው። በእኛ በኩል 26 ዶላሩን በጊዜው ምንዛሪ ብንመታው ወደ 2,860 የን ነው። የአንድ ወር ደመወዝ ዘጠኝ ሳህን ተኩል። የቤት ኪራይ ሳይከፈል፣ ትራንስፖርት ሳይታሰብ።

ዋጋው ጃፓን ውስጥ የሚከፈለው ስለሆነ እዚህ በብር ሲሠራ ሌላ ይሆናል፣ እሱ ልክ ነው። ቢሆንም ስትሰፋው የዋለችው ቲሸርት የሚሸጥበት ዓለምና እራቷን የምትገዛበት ዓለም ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

ታዲያ ያኪቶሪ እኛን ምን ያስተምረናል? ቅመሙን አይደለም። ለኔ ትልቁ ግኝት አሸጣጡ ነው። እኛ ዶሮ የምንገዛው ሙሉውን ነው፣ ብዙውን ጊዜ በነፍሱ፣ ብዙውን ጊዜ ለበዓል። ዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣውና ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን ተብሎ ይከፋፈላል። ቤተሰብ ላለው ሰው ደስ ይላል። ከአድዋ ወይም ከማይጨው ለሥራ መጥታ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ልጅ ግን ሙሉ ዶሮ የማይነካ ነገር ነው። ያኪቶሪ ይሄን ሰበረው። ዶሮን ጉሊት ላይ እንዳለ ቲማቲም አደረገው። ስንጥር አንድ፣ ስንጥር ሁለት። ከአንዲት ዶሮ 900 ግራም ሥጋ ቢወጣና በያንዳንዱ ስንጥር ላይ 30 ግራም ቢሰካ 30 ስንጥር ነው። የዶሮዋን አንድ ሠላሳኛ ዋጋ የያዘ ሰው ዶሮ በላ ማለት ነው።

ምንም አይጣልም ደግሞ። ጭኑ ከባሮ ሽንኩርት ጋር ይሰካል፣ "ኔጊማ" ይባላል። የተፈጨው ሥጋ ተድቦልቡሎ "ጹኩኔ" ይሆናል። ቆዳው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ የጅራቱ ጉብታ፣ ሁሉም ስምና ዋጋ አለው። ስታዙ የምትጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ በጨው ወይስ በ"ታሬ"? ታሬ ከአኩሪ አተር ሶስ፣ ከሩዝ መጠጥና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ጨዋማ ስልስ ነው። ብዙ ቤቶች ማሰሮውን ጨርሰው አያጥቡትም፣ ሲቀንስ እየጨመሩ ዓመታትን ያቆዩታል። እርሾ በሉት። እናቶቻችን ከሊጡ ለሚቀጥለው እንደሚያስቀሩት ማለት ነው።

ጃፓን ሄዶ መብላት ለሚገጥመው (ስኮላርሺፕ የምትሞሉ አላችሁ አውቃለሁ) ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ገና ስትቀመጡ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል፣ "ኦቶሺ" ይባላል፣ ነፃ አይደለም፣ ሒሳቡ ላይ ይደመራል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቤት ዶሮን ጥሬ ወይም ግማሽ ጥሬ ያቀርባል። የበሬ ቁርጥ ስለለመድን "ምን አለበት" እንዳትሉ። ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ጃፓን ውስጥ የምግብ መመረዝ ዋና መንስዔ ከሆኑት አንዱ ነው። ዶሮ በስሎ ይበላ፣ አለቀ።

ወደ ከሰሉ እንሂድ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነገሩ ከባድ ነው።

ምርጡ የያኪቶሪ ከሰል "ቢንቾታን" ይባላል። ዋካያማ በሚባለው አካባቢ ከአንድ ጠንካራ የኦክ ዛፍ ይሠራል። እንጨቱ በሸክላ እቶን ውስጥ ለቀናት ቀስ ብሎ ይከስላል፣ መጨረሻ ላይ አየር ተለቅቆበት ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እየተጎተተ ይወጣና በአመድና በአፈር ይዳፈናል። ሁለቱን ብታጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል። ጭሱ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ምድጃው ፍርግርግ የለውም፣ ስንጥሮቹ በሁለት ብረቶች መካከል ተንጠልጥለው ሥጋው ብረት ሳይነካው ይበስላል። ከሁሉም የገረመኝ ግን ዛፉ የሚቆረጥበት መንገድ ነው። ነባሮቹ ከሰል አክሳዮች ግንዱን ከሥሩ አይነቅሉም፣ የደረሱትን ቅርንጫፎች እየመረጡ ቆርጠው ቀጫጭኖቹን ይተዋሉ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው እዚያው ዛፍ ላይ ይመጣሉ።

እኛ ጋ? ጦርነቱ ላይ መብራትም ነዳጅም ሲጠፋ ከተማው ያበሰለው በእንጨትና በከሰል ነው፣ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ዋጋውን የከፈለው ግን ጫካው ነው። ከመቐለ በስተምሥራቅ ወደ አፋር በሚወርደው ጠርዝ ላይ ያለው የደስአ ደን የጥድና የወይራ ደን ነው። ወይራ ደግሞ ከሰሉ ጥሩ ስለሆነ መጀመሪያ ዓይን የሚጣልበት እሱ ነው። አዲስ የጥብስ ፋሽን በመጣ ቁጥር ጥያቄው "ከሰሉ ከየት መጣ?" መሆን አለበት። አፋር ላይ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ለከሰል ይውላል፣ ቢቆረጥም የሚቆጭ የለም። ለእንዲህ ያለ ምድጃ እሱ ቢፈለግ የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ዶሮውስ? ይሄኛው ላይ መቐለ ባዶ እጇን አይደለችም። ዛሬ "ኢትዮ ቺክን" እየተባለ የሚታወቀው ትልቁ የዶሮ ድርጅት በፈረንጆቹ 2010 የተነሳው እዚሁ መቐለ፣ የመንግሥት የነበረ የዶሮ እርባታ ተረክቦ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ፈልፍሎ ለአሳዳጊዎች መሸጥ፣ አሳዳጊዎቹ አንድ ወር ተኩል ያህል አቆይተው ለገበሬ ማዳረስ፣ ይሄ አሠራር ከዚህ ተነስቶ ነው ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የሄደው። ጫጩቱን ማሳደግ የምታውቅ ከተማ ናት። የጎደለው ዶሮን በብልት የሚሸጥ ገበያና ዓመቱን ሙሉ የሚገዛ ኪስ ነው።

በስንጥር መብላትም አዲስ አይደለም። ጥሕሎ የሚበላው በምንድን ነው? የተድቦለቦለውን የገብስ ሊጥ ጫፉ በተከፈለ እንጨት ወግታችሁ፣ የሥጋ ወጡ ውስጥ ነክራችሁ። የዓጋመ ሰው ይሄን ሲሠራ ቲክቶክ አልነበረም። ለረቡዕና ዓርብም መላ አለው፣ ያኪቶሪ ቤቶች እንጉዳይ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሰክተው ይጠብሳሉ። የጾም ስንጥር ማለት ነው።

ቤት መሞከር ለምትፈልጉ፦ ስንጥሩን እንዳይቃጠል ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ንከሩት። ከደረቱ ይልቅ የጭን ሥጋ አይደርቅም፣ ቁራጮቹን እኩል አድርጋችሁ አጠጋግታችሁ ስኩ። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። በጨው ብቻ ጀምሩ፣ አዋዜው በኋላ ይምጣ። እና እባካችሁ ምድጃውን ደጅ አውጡት። "ጭስ የለውም፣ ብርድ ነው" ተብሎ ከሰል የሚገባበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚገድለው ጭሱ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ አይታይም አይሸትም። አራት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ አራታችሁም ደጅ፣ በርጩማ ይዛችሁ።